እናት በውጭ፣ ልጅ በአገር ቤት፡ በሁለት መዝገብ የተከፈለ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ

በኢትዮጵያ የማኅበራዊ ደኅንነት ሥራ ውስጥ ለዓመታት ትኩረት ሲሰጣቸው ከቆዩ ጉዳዮች መካከል ለችግር ተጋላጭ የሆኑ ሕፃናትና ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚሄዱ ሴቶች ጉዳይ በቀዳሚነት ይጠቀሳል። ለሁለቱም ወገኖች አዋጆች ታውጀዋል፤ ፖሊሲዎችም ተቀርጸዋል። ይሁን እንጂ ጉዳዮቹ በየፊናቸው እንጂ በአንድነት ሲታዩ እምብዛም አይስተዋልም። ወደ ሪያድ ወይም ወደ ቤይሩት የምትሄደው ሴት በሠራተኛነቷ ስትመዘገብ፣ በአያቱ እጅ የሚቀረው ልጅዋ ደግሞ፣ ያውም ከተመዘገበ፣ በተጋላጭ ሕፃናት መዝገብ ውስጥ ይሰፍራል። ሁለቱ መዝገቦች የአንድ ቤተሰብ መሆናቸውን የሚያውቅ የሥራ ክፍል ማግኘት ግን አስቸጋሪ ነው።

ይህ መለያየት በመንግሥት አደረጃጀትም የሚታይ ነው። እስከ 2014 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ የውጭ አገር ሥራ ሥምሪትና የማኅበራዊ ጥበቃ ሥራ በሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር ሲመራ፣ የሕፃናት ጉዳይ ደግሞ በሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ሚኒስቴር ሥር ነበር። የአስፈፃሚ አካላትን ሥልጣንና ተግባር እንደገና የወሰነው አዋጅ ቁጥር 1263/2014 ሕፃናትንና ማኅበራዊ ጥበቃን በሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ሥር በማሰባሰቡ አንድ ችግር ተቃሏል። የውጭ አገር ሥራ ሥምሪት ግን ወደ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሄዷል። በመሆኑም እናቲቱና ልጁ ዛሬም በሁለት መሥሪያ ቤቶች የሚታዩ ባለጉዳዮች ናቸው።

በሕግ ረገድ መሠረቱ የተጣለው በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 18 በማንኛውም ዓላማ በሰው የመነገድ ተግባርን ይከለክላል። አንቀጽ 36 የሕፃናትን መብቶች ሲዘረዝር፣ አንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት የኢኮኖሚ አቅሙ በፈቀደ መጠን ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን የመርዳት ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። በዚህ ድንጋጌ ውስጥ "ያለ አሳዳጊ የቀሩ" የሚለው ሐረግ ከወትሮው የበለጠ ትኩረት ይሻል። እናቱ በሕይወት እያለች፣ ገንዘብም እየላከች፣ ነገር ግን ሦስትና አራት ዓመት የማያያት ልጅ ከዚህ ሐረግ ውስጥ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ጥያቄ በወረዳ ደረጃ በየዕለቱ የሚያጋጥም ነው።

ከእገዳ ወደ ሥርዓት

ለሥራ ወደ ዓረብ አገሮች የሚደረገውን ጉዞ በሕግ ለመግራት የተደረገው ጥረት ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ያስቆጠረ ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች አዋጅ ቁጥር 104/1990 ለኤጀንሲዎች ፈቃድ የሚሰጥበትን ሥርዓት ዘረጋ። በ2001 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 632/2001 ተተካ። ይሁንና ኤጀንሲዎች በዋና ከተማዋ ሲወሰኑ፣ ገጠር ድረስ የሚዘልቀው ደላላው ነበር። ደላላው የጎረቤት ልጅ፣ የዘመድ ዘመድ ወይም ቀደም ሲል ሄዳ የተመለሰች ሴት ሆኖ ስለሚቀርብ፣ እርሱን በወንጀለኛነት መጠርጠር ለቤተሰቡ አዳጋች ነው።

በጥቅምት ወር 2006 ዓ.ም. መንግሥት ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን ጉዞ በጊዜያዊነት አገደ። ብዙም ሳይቆይ የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች ማስወጣት በመጀመሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዚያን ጊዜ በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ከገቡት መካከል ሕፃናትን ያዘሉ እናቶች፣ ያለ አሳዳጊ የመጡ ታዳጊዎችና የአእምሮ ሕመም የደረሰባቸው ሴቶች ይገኙበት ነበር።

እገዳው ዜጎችን ከጉዳት ለመጠበቅ ታስቦ የተጣለ ቢሆንም የሥራ ፍላጎቱን ሊያስቀር አልቻለም። በሕጋዊ መንገድ መሄድ ያልቻለችው ሴት በጅቡቲ በኩል በኦቦክ፣ ወይም በሰሜን ሶማሊያ በኩል በቦሳሶ ወደብ ወደ የመን መሻገርን መረጠች። በሌሎች መስመሮች በቱሪስት ቪዛ የሄዱም ጥቂት አልነበሩም። በዚህ መንገድ የሄደች ሴት በአገሯ መንግሥት ዘንድ የሥራ ውል የላትም፤ ኤምባሲውም የምትኖርበትን ቤት አያውቅም። ለአምስት ዓመታት ገደማ የቆየው እገዳ በ2010 ዓ.ም. ሲነሣ ከቀረው ትምህርት ዋነኛው ይኸው ነው።

እገዳው ከመነሣቱ በፊት በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ሥምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ነገሩን በሌላ አቅጣጫ ለመያዝ ሞክሯል። ሠራተኛ የሚላከው ከኢትዮጵያ ጋር የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳለው አገር ብቻ እንዲሆን፣ ኤጀንሲው የዋስትና ገንዘብ እንዲያስይዝ፣ በተቀባይ አገሮችም የሠራተኛ አታሼ እንዲመደብ ደንግጓል። ከሁሉም በላይ ለቤተሰብ ኢኮኖሚ ቀጥተኛ ፋይዳ ያለው የወጪ ክፍፍሉ ነው። በአዋጁ መሠረት የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ጉዞ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪ በአሠሪው የሚሸፈን ሲሆን፣ ሠራተኛዋ የምትሸፍነው የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ የክትባት፣ የልደት ምስክር ወረቀትና ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃን የመሳሰሉ ወጪዎችን ነው። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246/2013 ተሻሽሏል። ከጎኑም በሰው የመነገድና ሰውን በሕገወጥ መንገድ ድንበር የማሻገር ወንጀልን የሚመለከተው የ2007 ዓ.ም. አዋጅ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ተተክቷል።

ይህ ክፍፍል በገጠር ቀበሌ ምን ያህል ይታወቃል የሚለው ሌላ ነገር ነው። ቪዛው፣ ትኬቱና ፈቃዱ በአሠሪው እንደሚከፈል ያላወቀች ሴት ለደላላ ከብት ሸጣ ወይም ከአራጣ አበዳሪ ተበድራ ትከፍላለች። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያዎቹ ወራት ደመወዝ የሚሄደው ለልጅ ቀለብ ሳይሆን ለዕዳ ነው።

በተቀባይ አገሮች ያለው ሁኔታም ይህንኑ ያከብደዋል። ከፋላ በመባል በሚታወቀው የዋስትና ሥርዓት የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአንድ አሠሪ ጋር የተሳሰረ ነው። ደመወዝ ተከልክላ ወይም ተደብድባ ከቤቱ የወጣች ሴት በዚያው ቅጽበት ሕገወጥ ነዋሪ ትሆናለች። ሊባኖስ በ1946 እ.ኤ.አ. ያወጣችው የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከሽፋኑ ውጭ አድርጓል፤ በአንጻሩ ኩዌት በ2015 እ.ኤ.አ. ለቤት ሠራተኞች የተለየ ሕግ አውጥታለች። የሊባኖስ ኢኮኖሚ በተንኮታኮተበት በ2020 እ.ኤ.አ. አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን በቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ጥለዋቸው መሄዳቸው የሥርዓቱን ባሕርይ በግልጽ ያሳየ ክስተት ነበር።

እዚህ ላይ በአገር ውስጥ ያለውን ማስተዋል ተገቢ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ሥራን፣ ማለትም የቤት ሠራተኝነትን፣ በሽፋኑ ውስጥ አላካተተም፤ ጉዳዩ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። ከዚያ ውጭ በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ በአሠሪያቸው ቤት ስለሚያድሩ አገልጋዮች የሚናገሩ ጥቂት አንቀጾች አሉ። ለቤይሩትና ለሪያድ የሚቀርበው ጥያቄ በአዲስ አበባና በአዳማ ለሚሠሩ የቤት ሠራተኞችም ተመሳሳይ መልስ ይፈልጋል ማለት ነው። በተለይም ብዙ ሴቶች ወደ ውጭ ከመሄዳቸው በፊት በከተማ ቤት ሠራተኝነት የሚያሳልፉ በመሆኑ ሁለቱን መነጣጠል አይቻልም።

በአያት እጅ የቀረ ልጅ

ለአብነት ከኮምቦልቻ አካባቢ ካለ ገጠር ቀበሌ የምትነሣ የሁለት ልጆች እናት መውሰድ ይቻላል። ባልዋ ከተለያት ቆይቷል። ልጆቿን ለእናቷ አደራ ሰጥታ ትሄዳለች። ይህ በባህሉ የተለመደና የሚከበር ነው፤ አያት ልጅ አሳደገች ተብሎ የሚገረም የለም። ነገሩ ከባድ የሚሆነው አያቲቱ ከመንግሥት አገልግሎት ጋር በተገናኘች ጊዜ ነው። ልጁ ታሞ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው ፈቃድ የሚፈርመው ማን ነው? ትምህርት ቤት የወላጅ ፊርማ ሲጠይቅስ? በሐዋላ የመጣው ገንዘብ በአጎት ስም ቢወጣና ለልጆቹ ባይደርስ አቤት የሚለው ማን ነው?

በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለዚህ መልስ አለው። ሕጉ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ አሳዳሪና ሞግዚት እንዲኖረው የሚያዝ ሲሆን፣ ወላጆች በሌሉበት ጊዜ አያቶችን፣ ቀጥሎም ሌሎች የቅርብ ዘመዶችን በቅደም ተከተል ይጠራል። ነገር ግን ከሞት ጋር በተያያዘ የውርስ ጉዳይ ካልሆነ በስተቀር ወደ ፍርድ ቤት ሄዶ ሞግዚትነትን የሚያረጋግጥ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ወደ ውጭ የምትሄድ ሴት ለቤትዋ፣ ለመሬትዋ ወይም ለባንክ ሒሳብዋ ውክልና ሰጥታ መሄዷ የተለመደ ሆኗል። ለልጅዋ ግን የምትተወው ወረቀት የለም። የውል ማጽደቅና የቅድመ ጉዞ ገለጻ በሚሰጥበት ጊዜ ስለ ልጅ አሳዳሪ አንድ ጥያቄ ቢቀርብ ይህን ክፍተት በእጅጉ ሊያጠብበው ይችላል፤ ለዚህም አዲስ አዋጅ አያስፈልግም።

በማኅበራዊ ጥበቃ በኩል ያለው ችግር ደግሞ ለየት ያለ ነው። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ተጠቃሚዎችን የሚለየው በማኅበረሰቡ በተመረጡ ኮሚቴዎች አማካይነት ሲሆን፣ በመለያ መስፈርቶቹ ውስጥ ከቤተሰብ የሚገኝ ድጋፍ አንዱ ነው። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔትም በተመሳሳይ መንገድ የድህነት ደረጃን ይመለከታል። መስፈርቱ በራሱ ትክክል ነው። ነገር ግን "ልጅዋ ዓረብ አገር ናት" የምትባል አያት ገንዘቡ በእርግጥ ይደርሳት እንደሆነ ሳይጣራ ከዝርዝሩ ልትወጣ ትችላለች። ልጅዋ በዕዳ ተይዛ ወይም ደመወዝ ተከልክላ ከሆነ፣ ልጆቹ ከእናታቸውም ከመንግሥትም ሳያገኙ ይቀራሉ። በዚህ ጊዜ ሸክሙ የሚወድቀው ብዙውን ጊዜ በትልቋ ሴት ልጅ ላይ ነው። ውኃ መቅዳት፣ ታናናሾችን መጠበቅና አያትን መርዳት ሲደራረብባት ትምህርቷን ታቋርጣለች፤ ቀጥሎም እርሷ ራሷ የደላላው እጩ ትሆናለች።

ከገጠር ወደ ከተማ የሚፈልሱት ልጆች ታሪክ የዚሁ አካል ነው። ከጋሞ ደጋማ አካባቢዎች ለሽመና ሥራ ወደ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሚመጡ ወንዶች ልጆች፣ ከአማራና ከኦሮሚያ ገጠሮች ተነሥተው መርካቶ አውቶቡስ ተራ ላይ ደላላ የሚጠብቃቸው ልጃገረዶች ለረጅም ዓመታት የታወቁ ናቸው። ዝቅተኛውን የቅጥር ዕድሜ 14 ዓመት አድርጎ የነበረው የ1996ቱ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ በ2011ዱ ሲተካ ዕድሜው ወደ 15 ከፍ ብሏል። ይሁንና የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ የግለሰብ ቤት አንኳኩቶ የሚገባበት አሠራር ስለሌለ፣ ይህ ድንጋጌ ለቤት ሠራተኛዋ ልጅ ያለው ጥቅም ውስን ነው።

የዕድሜ ነገር

በሕጉ መሠረት ለሥራ ወደ ውጭ መሄድ የሚችለው 18 ዓመት የሞላው ሰው ነው። ይሁንና ዕድሜ የሚረጋገጠው በምንድን ነው? የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በተከሰተ በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ የሚያዝ ቢሆንም፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል ልደታቸው የተመዘገበው 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በመሆኑም ዛሬ በወጣትነት ዕድሜ ላይ የሚገኙት አብዛኞቹ በተወለዱበት ጊዜ አልተመዘገቡም። ዕድሜያቸው የሚወሰነው በቀበሌ መታወቂያ ላይ በተጻፈው ቁጥር ነው።

ይህ ቁጥር የሚጻፈው በቤተሰብ ቃልና በምስክር ነው። የ15 ዓመት ልጅ የ22 ዓመት ሴት ሆና ፓስፖርት ለማግኘት የምትጀምረው ከዚህ ወረቀት ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ፣ ከፓስፖርት አገልግሎት እስከ ሥራ ውል አጽዳቂው፣ የሚያዩት ሕጋዊ መታወቂያ ስለሆነ ስሕተቱን የማረም ዕድላቸው ጠባብ ነው። በሕፃንነት ጥበቃ ሊደረግላት የሚገባት ልጅ በወረቀት ላይ አዋቂ በመሆኗ፣ ጉዳት ደርሶባት ስትመለስም የሚጠብቃት የአዋቂ ተመላሾች ሥርዓት ይሆናል። በአንድ የቀበሌ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ የሚፈጸም የአምስት ደቂቃ ተግባር የዚህን ያህል ርቀት ይሄዳል። የትምህርት ቤት መዝገብና የክትባት ካርድ በብዙ ቀበሌዎች ያሉ ማስረጃዎች ናቸው፤ መታወቂያ ከመሰጠቱ በፊት ከእነዚህ ጋር ማመሳከር ከአቅም በላይ የሆነ ሥራ አይደለም።

መመለስና ከዚያ በኋላ

ከሳዑዲ ዓረቢያ የሚመለሱ ዜጎች ቁጥር ከ2009 ዓ.ም. ወዲህ እንደገና የጨመረ ሲሆን፣ በ2014 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መንግሥታት ከ100 ሺሕ በላይ ኢትዮጵያውያንን ለመመለስ ተስማምተዋል። ተመላሾችን በአውሮፕላን ማረፊያ ተቀብሎ፣ በጊዜያዊ ማረፊያ አቆይቶና የትራንስፖርት ገንዘብ ሰጥቶ ወደ ትውልድ ቀያቸው የመሸኘቱ ሥራ ከተደጋጋሚ ልምድ የተነሣ ተሻሽሏል። የአካልና የአእምሮ ጉዳት የደረሰባቸውን ሴቶች በመጠለያ ተቀብለው ከሚያገግሙባቸው ድርጅቶች መካከልም አጋር ኢትዮጵያ ይገኝበታል። ችግሩ የሚጀምረው አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ ከወጣ በኋላ ነው።

ወደ ወረዳዋ የደረሰች ሴት አስቀድማ የምታገኘው የሥራ ዕድል ፈጠራ ክፍሉን ነው። እዚያም የሚቀርብላት በማኅበር መደራጀት፣ መሠልጠንና መበደር ነው። ለጤነኛዋና ዕዳ ለሌለባት ይህ ጠቃሚ ነው። እንቅልፍ ለማትተኛው፣ ጥላ ስለሄደችው ልጅ ለምታለቅሰው ወይም ልጅዋ ለማያውቃት ሴት ግን ብድር የመጀመሪያው መልስ ሊሆን አይችልም። በዚህ ቦታ የሚያስፈልገው ቤት ለቤት እየሄደ ቤተሰቡን የሚከታተል የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ነው። አገሪቱ እንዲህ ያለውን ባለሙያ ማሠልጠን የጀመረችው ቀደም ብላ፣ በ1959 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ነበር። ትምህርት ቤቱ በደርግ ዘመን ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በ2004 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በድኅረ ምረቃ ደረጃ እንደገና ተከፍቷል። በመካከል ያለፈው የአንድ ትውልድ ዘመን ባዶነት እስካሁን በየወረዳው ይታያል።

ክፍተቱን በከፊል የሚሸፍነው ነባሩ የመደጋገፍ ባህል ነው። በኦሮሞ ዘንድ ጉዲፈቻ፣ በሌሎችም አካባቢዎች የጡት ልጅና የማር ልጅ በሚል የሚታወቁት ልማዶች ወላጅ ያጣውን ልጅ የቤተሰብ አባል ያደርጉታል። እድሮችም ከቀብር ማስፈጸም አልፈው ወላጅ ያጡ ልጆችን ሲረዱ ቆይተዋል። በ1972 ዓ.ም. ለግሸን ማርያም ንግሥ ወደ ወሎ ሄደው ረሃብ ወላጆቻቸውን የነጠቃቸውን ሁለት ሕፃናት ይዘው የተመለሱት ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና የመሠረቱት ተቋምም ከዚሁ ባህል የወጣ ነው። በ2007 ዓ.ም. የጸደቀው የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ እንደ ማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት ያሉ አደረጃጀቶችን የሚያጠናክረው ይህንን አቅም በመገንዘብ ነው።

የውጭ አገር ጉዲፈቻ በአዋጅ ቁጥር 1070/2010 መቆሙም የአገር ውስጥ አማራጮችን ኃላፊነት ከፍ አድርጎታል። በ2010 እ.ኤ.አ. ወደ አሜሪካ ብቻ ከ2 ሺሕ 500 በላይ ሕፃናት በጉዲፈቻ ሄደው እንደነበር ሲታወስ፣ የአደራ ቤተሰብና የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ አገልግሎት ሊሸፍነው የሚገባው ቦታ ሰፊ መሆኑ ግልጽ ነው። በዚያው በ2010 ዓ.ም. ሕፃናት ወደ ውጭ የሚሄዱበት በር ሲዘጋ፣ እናቶች ለሥራ የሚሄዱበት በር ተከፍቷል። ሁለቱ ውሳኔዎች በየራሳቸው ምክንያት የተወሰኑ ቢሆኑም በአንድ ቤት ውስጥ መገናኘታቸው አልቀረም።

በመጨረሻ የሚነሣው እናቶች በውጭ አገር ወልደው ይዘዋቸው የሚመለሱት ሕፃናት ጉዳይ ነው። በበርካታ የባሕረ ሰላጤው አገሮች የጋብቻ ማስረጃ የሌላት እናት የልጅዋን ልደት ማስመዝገብ ስለሚያዳግታት፣ ልጁ ምንም ዓይነት ሰነድ ሳይኖረው ቦሌ ይደርሳል። አባቱ ያልታወቀ ወይም የሌላ አገር ዜጋ በመሆኑ ብቻ ዜግነቱ አጠራጣሪ ተደርጎ እንዲታይ የሚያደርግ የሕግ መሠረት ግን የለም። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ከሁለቱ ወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው በትውልድ ኢትዮጵያዊ እንደሆነ በግልጽ ደንግጓል። በውጭ ያሉ ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች ልደትን የመመዝገብ ኃላፊነት ተሰጥቷቸዋል። እዚያ ሳይመዘገብ የቀረ ልጅ ደግሞ እናቱ በምትኖርበት ቀበሌ በዘገየ ምዝገባ ሊስተናገድ ይገባዋል። የልደት ምስክር ወረቀቱን ሲያገኝ፣ በእናቱ የተመላሽነት መዝገብ ላይም ስሙ ይሰፍራል።